የጋሪ ማቆሚያው ከገበያው በር የተነሳበት ምክንያት

ነገሩ የሆነው በሁለት ሺህ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው፤ እኔ ያኔ ስድሳ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ነገሩን ያስታወሰኝ ባለፈው ሳምንት ዳንግላ ላይ የያዘኝ ዝናብ ነው። ከአንድ ሱቅ በረንዳ ተጠልዬ ሳለሁ አጠገቤ ጋሪ መጥቶ ቆመ። ፈረሱ እስከ ጅራቱ ርሷል። የረጠበ ፈረስና የረጠበ ቆዳ አንድ ላይ ሲሸት እንደዚያ ያለ ሽታ ሌላ ቦታ የለም። ዝናቡ አባርቶም እኔ ከቦታዬ አልተነቃነቅኩም። ባለጋሪው «አባ፣ የት ላድርስዎ?» አለኝ። የምሄድበት አልነበረኝም፤ ዝም ብዬ ወጣሁና ጥቂት ሄደን ወረድኩ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው፤ ሁሉም ሰው ማንበብ ይማር በተባለበት ጊዜ፣ ከሥራ መልስ አግዳሚ ላይ ተደርድረን። ስለዚህ የምጽፈው እንደምናገረው ነው፤ ሌላ አላውቅበትም።

በዚያ ዓመት የመጨረሻ ልጄ ስመኝ እንጅባራ ላይ ኮሌጅ ትማር ነበር። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ትመጣለች፣ ልብሷን ታጥባለች፣ በሶዋን ትይዛለች፣ እሑድ ከሰዓት ትመለሳለች። እናቷ ካረፈች ሦስተኛ ዓመት ነበርና ቤቱ ሰው የሚሸተው እሷ ስትመጣ ብቻ ነበር። አንድ ቅዳሜ መጥታ ልብሷንም ሳታወጣ መደቡ ላይ ተቀመጠችና ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታየው ጀመር። ደብተሩ ባዶ ነው።

«አብዬ፣ ርዕስ አጣሁ» አለችኝ።

«የምን ርዕስ?»

«ጥናት ጽፋችሁ አምጡ ተባልን። አንብበን፣ ሰው ጠይቀን፣ አጣርተን። ሁለት ጊዜ ርዕስ ወሰድኩ፤ ሁለቴም መምህሩ መለሰብኝ።»

«ምን ብለሽ ወሰድሽ?»

«መጀመሪያ ‹የዳንግላ ታሪክ› አልኩ። ይህ የዕድሜ ልክ ሥራ ነው፣ አጥብቢው አለኝ። እሺ ብዬ ‹ጋሪ በዳንግላ› ብዬ ወሰድኩ። አሁንም ሰፊ ነው፣ ደግሞ ጥያቄ የለውም አለ።»

«ሰውየው ምን ሆኗል? ጋሪ ጋሪ ነው። ምኑ ይጠየቃል?»

«እሱ ነው እኔንም የጠፋኝ።» ደብተሩን ዘጋችው። «ሰኞ ሳምንት ካላስገባሁ ትምህርቱን እደግማለሁ። ከደገምኩ ደግሞ አልመለስም አብዬ፤ ደክሞኛል። ጫግኒ አክስቴ ዘንድ ሄጄ እህል ንግድ ውስጥ እገባለሁ።»

ይህን ስትል አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ልጄ ያለችውን ታደርጋለች፤ በዚህ እኔን ወጥታለች። እናቷ በሕመሟ ጊዜ እንኳ የዚህችን ልጅ ትምህርት ነበር የምታነሳው። እኔም የማውቀው ነገር ቢረዳት ብዬ «በይ ጠይቂኝ፣ ስለ ጋሪ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል» አልኳት። «ዝም ብለው ስለ ድሮው ያውሩኝ» አለች፤ ብዕሯን ይዛ።

አወራኋት። ያኔ ጋሪ ማለት ዛሬ ባጃጅ እንደሚባለው ነው፣ እንዲያውም ይበልጣል፤ ባጃጅ ሙሽራ ይጭን ይሆናል እንጂ ሙሽራ ባጃጅን ብሎ ቀን አይጠብቅም፤ ጋሪን ግን ይጠብቅ ነበር። ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ገበያው አንድ ሰው ስሙኒ ነው፤ ከነጆንያው ከሆነ ሃምሳ ሳንቲም። ሻይ አሥር ሳንቲም ነበር፤ ስሙኒ የከፈለች ሴት ብርጭቆ ሻይና ፓስቲ ያበላችኝ ያህል ነበር የሚመስለኝ። ከባሕር ዳር የመጣ ካኪ ኮት ነበረኝ፤ አራት ኪስ ያለው፤ ኮንጎ ጫማ አደርጋለሁ፤ በፀሐይ ጊዜ እግር ይቀቅላል፣ በክረምት ግን ጭቃውን ታጥቦ መግባት ነው። ፈረሴ መልኩ ዳማ ነበር፣ ስሙንም ዳማ እለው ነበር፤ ግንባሩ ላይ ቀይ የክር ጉትዬ አስሬለት፣ አንገቱ ላይ ቃጭል። ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ጋሪዎቹ ይደረደራሉ። ሾላው አጠገብ ሻይ ቤት አለ፤ ባትሪው በላስቲክ የታሰረ ራዲዮ መስኮቱ ላይ ይቀመጣል። ዘፈን ሲመጣ ባለጋሪው ሁሉ ወሬውን ያቆማል፤ ደሴ የሚባለው ጓደኛችን በፉጨት ይከተለዋል፤ ፈረሶቹ ጆሯቸውን ያቆማሉ። ከገጠር የመጡት ድንች ሻጮች በአውንጊ ቋንቋ እያወሩ ይስቁብናል፤ የሚሉትን ስለምሰማ እኔም መልሼ እስቃለሁ። ዛሬ ሾላው የለም፤ ቦታው ላይ የሞባይል ካርድና የስልክ መሸፈኛ ይሸጣል። ስልክ ሻጩ ልጅ እዚያ ምን እንደነበረ አያውቅም፤ ማንም አልነገረውም።

«ያ ሾላ ገበያው በር ላይ ነበር፤ እዚያ ነበር የምንቆመው» አልኳት፤ «ወደ ወንዙ ማዶ ያወረዱን በኋላ ነው።»

ብዕሯ ቆመ። «ለምን አወረዷችሁ?»

እኔም ቆምኩ። «መንገድ ሊሠራ ነዋ» አልኳት።

«አብዬ፣ ይኼ እኮ ጥያቄ ነው» አለች። ፊቷ በራ። «የጋሪ ማቆሚያው ከገበያው በር ለምን ተነሳ? ጠባብ ነው፣ ጥያቄም አለው።»

አፌ አሳልፎ እንደሰጠኝ ያወቅኩት ያኔ ነው። እሷ ግን በስልክ ጽፋ ለመምህሩ ላከችለት፤ ኔትወርኩ መጣ ሄደ ብሎ ብሎ ከሰዓት በኋላ መልስ መጣ፤ ተቀብሎታል። ቀድማ የተጻፈ ነገር እንድትፈልግ፣ ከዚያ በቦታው የነበሩ ሰዎችን እንድትጠይቅ፣ የእያንዳንዱን ቃል ለየብቻ እንድትጽፍ አዟታል፤ ማን እንደተናገረ፣ መቼ እንደተናገረ፣ ያኔ የት ቆሞ እንዳየ። የተጻፈውንማ በኮሌጃቸው ቤተ መጻሕፍት ቀድማ አገላብጣዋለች። ስለ ነገሥታት አለ፣ ስለ አድባራት አለ፤ ስለ ጋሪ ማቆሚያ አንድ መስመር የለም። የቀረው ሰው ነው። ከዚያ ዘመን ባለጋሪዎች ደግሞ በሕይወት ያለነው አራት ነን፤ እኔ፣ ደሴ፣ ሙላትና ጥሩነህ።

«ነገ ለየቤታቸው ሄጄ ለየብቻ እጠይቃቸዋለሁ» አለች።

«ለየብቻማ የሚጠየቅ ሌባ ነው» አልኳት። «ሽማግሌ ሰብሰብ ብሎ ነው የሚጠየቀው። እኔ እሰበስባቸዋለሁ፤ አንቺ መጥተሽ ትጽፊያለሽ።»

ተከራከረችኝ፤ እኔም እንቢ አልኩ። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ሦስቱን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አስቀመጥኳቸው፤ እሷን ለአንድ ሰዓት ያህል ዘግይተሽ ነይ ብያታለሁ። እኛ አገር ሰው ለሽምግልና ሲቀመጥ አስቀድሞ ቃሉን አንድ ያደርጋል። ባለጉዳይ ፊት ሽማግሌ ከሽማግሌ አይከራከርም፤ ነውር ነው። ዕድሜዬን በሙሉ እንዲህ ነው ያየሁት፤ እኔም ስሸመግል እንዲህ ነው ያደረግኩት።

«ለምን ተነሳ ብላ ስትጠይቅ ምን እንበል?» አለ ደሴ።

ሙላት ወደ እኔ አየ። «እንደምናውቀው ነው ወይስ እንደምንለው?»

«እንደምንለው» አልኩ።

«እንግዲያ መንገድ ሊሠራ ስለታሰበ ነው፤ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል» አለ ደሴ። እሱ ስብሰባ ይወዳል፤ ቃሉ የስብሰባ ነው።

ጥሩነህ እጁን ከጆሮው ላይ አውርዶ «የቱ መንገድ? አስፋልቱ የመጣው እኮ ከስንት ዘመን በኋላ ነው» አለ።

«አንተ ዝም በል፤ ጆሮህ አይሰማም» አለው ደሴ።

«ጆሮዬ ነው የማይሰማ፤ ዓይኔ ምን ሆነ?»

ሳቅን። ከዚያ ጥሩነህም እንዲያ ይሁን አለ። ስመኝ መጣች፤ ጉልበት ሳመች፤ ጠየቀች፤ አራታችንም ተራ በተራ ተናገርን። አራት ገጽ ጽፋ ወደ እንጅባራ ተመለሰች። ረቡዕ ደወለች። «አልተቀበለኝም አብዬ» አለች። ለምን ስላት ስልኩ ተቋረጠ።

እኔ ደሜ ፈላ። የአራት ሽማግሌ ቃል አልቀበልም የሚል ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ሐሙስ ጋቢዬን ደርቤ፣ ዱላዬን ይዤ በሚኒባስ ወጣሁ። እንጅባራ እንደ ልማዷ በጉም ተሸፍናለች፤ የከሰል ጆንያ የጫነ መኪና ከፊታችን እየተጎተተ አዘገየን። ስመኝ በር ላይ ተቀበለችኝ፤ «አብዬ፣ እባክዎ አይጣሉብኝ» እያለች እስከ መምህሩ ክፍል ተከተለችኝ። ጠባብ ክፍል ናት፤ መምህሩ የእኔ ሁለተኛ ልጅ እኩያ የሚሆን፣ ሹራብ የለበሰ ልጅ ነው። ስገባ ብድግ አለ።

«አንተ ነህ የአራት ሽማግሌ ቃል የማትቀበል?»

«አባ፣ መጀመሪያ አረፍ ይበሉ።»

«ቆሜ ነው የምናገረው።»

«እንግዲያ እኔም እቆማለሁ» አለ፤ ቆመ። ተፋጠጥን። ጉልበቴ ቀድሞ ስለደከመ እኔ ተቀመጥኩ። እሱም ተቀመጠ።

አራቱን ገጽ ከመሳቢያ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። «አንብቤዋለሁ አባ። አራቱም መንገድ ሊሠራ ስለታሰበ ይላሉ። አራቱም ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ይላሉ። አንድ ቃል አልጎደለም፣ አንድ ቃል አልተረፈም።»

«እውነት ስለሆነ ነዋ።»

«ልጅዎ ሳትመጣ አስቀድማችሁ ተነጋግራችሁ ነበር?»

«እንዴታ። ሳይነጋገር የሚናገር ሽማግሌ አለ?»

ስመኝ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች። እሱ ግን አልሳቀም። «እንግዲያ አባ፣ ልጅዎ አራት ሰው አልጠየቀችም። አንድ ሰው ነው አራት ጊዜ የጠየቀችው።»

«ለምን እንዲያ ትላለህ?»

«ለእርቅ ከሆነ ቃል አንድ ማድረግ ደግ ነው፤ የእኔም አባት እንዲያ ነው የሚያደርግ። ለጥናት ግን እኔ የምፈልገው የሰዎቹ ቃል የሚለያይበትን ቦታ ነው። ሥራው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ደግሞ አራታችሁም ባለጋሪ ናችሁ። ያን ቀን በገበያው ውስጥ ሆኖ ከጋሪው ውጭ ያያችሁ ማን ነበር? እሱን ትጠይቅ። እስከ ሰኞ እጠብቃታለሁ።»

 ለክርክር መጥቼ ሰው ሳይሰድበኝ፣ ሳያዋርደኝ፣ ተረትቼ ተነሳሁ። እሱ እስከ በሩ ሸኘኝ፤ ዱላዬንም ረስቼው ኖሮ አመጣልኝ።

ከልጄ ጋር አብረን በሚኒባስ ወደ ዳንግላ ተመለስን።  አዲስ ቅዳም ከተማ ስንደርስ ደብተሯን አወጣች። «ገበያው በር ላይ ከባለጋሪ ሌላ ማን ይቀመጥ ነበር?» አለችኝ። እኔ መስኮቱን አያለሁ። «እርስዎ ቅዳሜ ነግረውኛል፤ ድንች ሻጮች» አለችና ጻፈች። «ወንዙ ማዶ ያለችው እቴ ብርቄ ያኔም ድንች ትሸጥ ነበር አይደል? ነገ እሷን እጠይቃለሁ።» ብዕሯን ከደነችና ደግሞ፣ «እግሯ ግን ምን ሆኖ ነው እንዲያ የምታነክሰው?»

 መልሱን እዚህ ልጻፈው፤ ያኔ በአፌ ያልወጣውን። ከሾላው ሥር ተራ አለን፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይጭናል። በአንድ የገበያ ቀን ተራው የሙላት ነበር። እኔ ካኪ ኮቴን ለብሼ ስለነበር ነው መሰለኝ፣ ወይ ወጣት ስለነበርኩ፣ ተራ አልጠብቅም አልኩ። ተሰዳደብን። ሙላት የዳማን ልጓም ያዘ፤ እኔ ጅራፍ አነሳሁ፤ ለሙላት ያነሳሁት ፈረሱ ላይ አረፈ። ዳማ ልጓሙን አስለቅቆ በረገገና ጋሪውን እያላተመ ድንች ሻጮቹ መሀል ገባ። ሌሎቹ ሸሹ። ብርቄ ያኔ ጆንያዋን ለማትረፍ ጎንበስ ያለች ወጣት ሴት ነበረች፤ መንኮራኩሩ እግሯ ላይ ወጣ። ሹማምንት መጥተው ሲጠይቋት «ፈረሱ በራሱ ደነገጠ» አለች፤ የማንንም ስም አልጠራችም። በዚያው ሳምንት ጋሪ ሁሉ ከገበያው በር ተነስቶ ወንዙ ማዶ እንዲወርድ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ጆንያቸውን በጀርባቸው አዝለው እስከ ወንዙ ይወርዱ ጀመር፤ በእኔ ጦስ። ሽማግሌዎች በአውንጊም በአማርኛም ለምነው አስታረቁን። እኔ በየገበያው ቀን ከቤቷ ወስጄ በነጻ ልመልሳት ቃል ገባሁ፤ ነገሩ ከዚያ ወዲያ እንዳይነሳ ተማማልን። ሃያ ዓመት ጫንኳት፤ ጋሪውን እስከ ሸጥኩበት ቀን ድረስ። እሷ ትወጣለች፣ እኔ እነዳለሁ፣ ትወርዳለች። አንድም ቀን አላነሳነውም። ሰው ለምን ተነሳችሁ ሲለን መንገድ ሊሠራ ነው እያልን፣ እኔማ በኋላ በኋላ ያን መንገድ ያየሁት ሁሉ ይመስለኝ ነበር።

ቤት ደርሰን፣ ፀሐይ ሳትገባ፣ ልጄን ደጃፍ ላይ አስቀመጥኳት። «አንድ ነገር አለ» አልኳት። «ታርቀንበታል። አይነሳም ብለን ተማምለናል። ከዚህ በላይ አልነግርሽም፤ እቴ ብርቄንም አትጠይቂያት።»

 «እሺ አብዬ» አለች። «መሐላዎን አላስፈርስዎትም። ግን መንገድ ሊሠራ ነው ብዬም አልጽፍም፤ እንዳልሆነ አሁን አውቄያለሁ። ሌላ ርዕስ ለመጀመር ደግሞ ቀን የለኝም።»

«እና?»

«እናማ ለአክስቴ እደውላለሁ።»

ተነስታ ገባች። ደብተሩን ከቦርሳዋ ታች አደረገችና ልብሷን በላዩ ላይ እያጣጠፈች ደረደረች፤ ቀስ ብላ፣ እንደማትቸኩል ሰው። እኔ ደጃፉ ላይ ቀረሁ። ስድሳ ዘጠኝ ዓመት ብዙ ነው፤ ያን ቀን ሁሉም አንድ ላይ ትከሻዬ ላይ የተጫነ መሰለኝ። ልቆጣት ፈልጌ ነበር፤ ለመቆጣት እንኳ አቅም አጣሁ። ያጠፋችው ነገር አልነበረም።

በማግሥቱ አርብ ጠዋት ቀስቅሼያት፣ «ደብተርሽን አውጪ፤ ትንሽ ቆየት ብለሽ ወደ እቴ ብርቄ ቤት ነይ፤ ከተፈቀደልሽ ትገቢያለሽ» ብያት ቀድሜ ወጣሁ። የብርቄ ቤት ከወንዙ ማዶ ነው። ደጇ ላይ የእንጨት ዱካ መቀመጫዋ ላይ ተቀምጣ የዘር ድንች ከሚበላው ትለያለች። በአውንጊ ሰላም አልኳት።

«ምነው በጠዋት? ገበያ አይደለም» አለችኝ።

«ልጄ ልትመጣ ነው። ለትምህርቷ ትጠይቅሻለች።»

«ምን ብላ?»

«የጋሪ ማቆሚያው ለምን ተነሳ ብላ።»

ድንቿን መለየቷን አላቆመችም። «አንተስ ምን ብለህ ነገርካት?»

«መንገድ ሊሠራ ነው ብዬ።»

«መንገድ» አለች። አንዱን ድንች አገላብጣ አየችው፣ የበሰበሰ ነው፣ ወዲያ ጣለችው። «ሃያ ዓመት ስትጭነኝ አንድ ቀን እግርሽ እንዴት ነው ብለኸኝ አታውቅም።»

«አይነሳ ስለተባለ ነዋ።»

«አይነሳ የተባለው ነገሩ ነው። እግሬ መች ተባለ?»

ቆሜ ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም፣ ተቀመጥም አላለችኝ። ድንቹ ከእጇ እያለፈ አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ ይወድቃል። «መሐላው ይነሳ ብዬ ነው የመጣሁት» አልኩ። «እኔ ፈቅጃለሁ።»

«አንተ ምን ትፈቅዳለህ? የማሉልኝ ለእኔ ነው።»

«እንግዲያ አንቺ ፍቀጂ። እንደነበረ ንገሪያት። ተራው የሙላት እንደነበረ፣ ጅራፉን ያነሳሁት እኔ እንደሆንኩ።»

«እኔ ጅራፉን አላየሁም» አለች። «ጎንበስ ብዬ ነበር። እኔ ያየሁትን እኔ እነግራታለሁ፤ አንተ ያየኸውን አንተ ንገራት።» ከዚያ ቀና አለች። «እግርሽ እንዴት ነው ብለህ ልትጠይቀኝ ከሆነም፣ በብርድ ያመኛል። አሁን ሂድ፤ አንተ ፊት አልናገርም።»

ስመኝ ደብተሯን ይዛ ከአጥሩ በር ደርሳ ቆማለች። ብርቄ በእጇ ጠራቻት፤ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ሌላ ዱካ ከውስጥ አወጣችላት። በልጄ አጠገብ ሳልፍ «ስትጨርሺ እኔን ትጠይቂኛለሽ፤ ብቻዬን» አልኳት። ከአጥሩ ሥር ደረቅ ድንጋይ ነበር፣ ለመቀመጫ የሚመች። አልተቀመጥኩበትም። ድምፃቸው እስከማይሰማኝ ድረስ ወደ ወንዙ ወረድኩ።